የሉባባ ማድያት

እህቴ ከድጃ በጠዋት ደውላ «ፊታችንን የምታይልን ሰው ሞተች» አለችኝ። ስም አልጠራችም፤ አላስፈለጋትም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ መልክ የሚያይ ሞልቷል። ባጃጅ ነጂው ያያል፤ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተደረደረው ሥራ ፈት ያያል፤ አማትማ ከሁሉ በላይ ታያለች። ፊት የምታይ ግን አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ሉባባ።

ሰውን በሞተ ማግስት ቅዱስ ከሚያደርጉት ወገን አይደለሁም። ስለ ሟቾች የተጻፈውን እያነበብኩ ያረጋገጥኩት ነገር ቢኖር፣ በአገራችን ክፉ ሰው ሞቶ እንደማያውቅ ነው። ስለዚህ ከጉድለቷ ልጀምር። ሉባባ ቁጡ ነበረች። ቀጠሮ አትሰጥም ነበር። «ፊት በቀጠሮ አይጠቁርም» ትላለች፤ በዚህ የተነሳ ከውጫሌ ድረስ በአውቶቡስ የመጣች ሴት በሯ ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጣ ትውላለች። ደግሞም ትዋሽ ነበር። ወደ ውሸቷ ኋላ እመለሳለሁ፤ ይህንን ያስጻፈኝ እሱ ነውና።

ሥራዋ ማድያት የወጣበትን ፊት መንከባከብ ነበር። ማድያት የማያውቅ አንባቢ ካለ ወንድ መሆን አለበት። ጉንጭ፣ ግንባርና የላይኛው ከንፈር ላይ እንደ ፈሰሰ ሻይ የሚንጣለል ቡናማ ጥቁረት ነው። አያምም፤ አያሳክክም፤ አይገድልም። ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ለዚህ ነው። ያለባት ሴት ግን ሰው እያናገራት ዓይኑ ከዓይኗ ወደ ጉንጯ ሲወርድ ታውቀዋለች።

ቤቷ ከደሴ ወልድያ መንገድ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ኮረኮንች ላይ ነበር። አንዲት ክፍል፣ አንድ የእንጨት ወንበር፣ አንድ ሰፊ መስኮት። በወጣትነቷ ዐረብ አገር ሄዳ አንዲት የቆዳ ሐኪም ዘንድ መጀመሪያ በጽዳት፣ ኋላ በረዳትነት ብዙ ዘመን ሠርታለች፤ ስትመለስም አዲስ አበባ ትምህርቱን ተምራለች። ከሁሉ የገረመኝ ግን ክፍሏ ውስጥ መስታወት አለመኖሩ ነው። የውበት ቤት ያለ መስታወት! ስጠይቃት «አምፑል ውሸታም ነው፤ መስታወት ደግሞ ነገረኛ። እዚህ ቤት የሚታመነው መስኮት ብቻ ነው» አለችኝ።

የበሯ ላይ ሰሌዳም ታሪክ አለው። ሰዓሊው መጀመሪያ እንደ ወተት የነጣች፣ ፀጉሯ የሚበር ሴት ሥሎ አመጣላት። ሉባባ ቆማ አየችና «ይቺን አላውቃትም። ሐይቅ መጥታም አታውቅም። የአገር ሰው ሳልልኝ» ብላ መለሰችው። ደግሞ ጠይም ሴት ሥሎ መጣ። ያን ጊዜ ሁለት ሴቶች ሥዕሉ የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው ተባብለው ተኳረፉ። ሉባባ በዚህ ነገር ዓመት ሙሉ ስቃለች።

አሠራሯ እንዲህ ነበር። «ቢስሚላህ» ብላ እጇን ትታጠባለች። ሴትየዋን ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ወንበሩ ላይ ታስቀምጣለች። ከዚያ ፈቀቅ ብላ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ ዝም ብላ ታያለች። ረጅም ዝምታ ነው። አንዳንዷ በዚያ ዝምታ መካከል ታለቅሳለች፤ ያን ያህል ጊዜ ወስዶ ያያት ሰው አልነበረማ።

«ምነው እቴ? ገና መች ነካሁሽና!» ትላታለች ሉባባ።

ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል። እሳት ዳር ነው የምትውይው? ገበያ ስትቀመጪ ፀሐይዋ በየትኛው ጎንሽ ናት? አርግዘሻል? የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወጊያለሽ? ከዚህ በፊት ምን ተቀባሽ? «አትዋሺኝ፤ ፊትሽ ነግሮኛል።» ለአንዷ የሰጠችውን ምክር ለሌላዋ ሰጥታ አታውቅም። የግራ ጉንጯ ብቻ የጠቆረባትን ሽንኩርት ነጋዴ «ክሬም አያስፈልግሽም፣ መደብሽን አዙሪው» ብላ በባዶ እጇ ሰደደቻት። ሌላዋን ስለ መርፌው ጤና ጣቢያ ጠይቂ አለቻት። የማትችለው ሲመጣ «እኔ ሐኪም አይደለሁም» ትልና ደሴ ወዳለው የቆዳ ሐኪም ትልካለች፤ የምትፈራ ከሆነች አብራት ትሄዳለች።

ለአብዛኞቹ የምትሰጠው ግን «ጃንጥላ» ብላ የምትጠራው ነገር ነበር። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው፤ ነጭ። ነጩ ክሬም በጠይም ፊት ላይ አመድ የተነፋበት ስለሚያስመስል፣ ሉባባ ቡናማ፣ ቀይና ቢጫ ቀለም እየጨመረች በትንሽ ብርጭቆ ሳህን ላይ ታማስለዋለች። ስታማስል የአምባሰልን ዜማ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ትንሽ መንገጭላ ላይ ትቀባለች፣ በመስኮቱ ብርሃን ታያለች፣ ትጠርገዋለች፣ እንደገና ትጨምራለች። የሴትየዋ ቆዳና ክሬሙ አልለያይ እስኪሉ ድረስ። ከዚያ በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ «እንደ ስምሽ ያንቺ ነው» ብላ ትሰጣታለች።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። ወሎ ውስጥ «ያንቺ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። የምዕራባውያኑን የግለኝነት ፍልስፍና ብዙ አንብቤያለሁ፤ ነገሩ የማይገባኝ ይመስለኝ የነበረው እኔ ስለደነዘዝኩ ሳይሆን ሐይቅ ስላደግሁ ነው። እዚህ ጨው፣ ወንፊት፣ ጫማ፣ ልጅ ሳይቀር ከቤት ቤት ይዘዋወራል። ብልቃጡም ተዘዋወረ።

አንድ ሰርግ ላይ ነው የታየው። ድንኳኑ ውስጥ በአንድ ረድፍ አራት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ጠይም፣ ሁለቱ ጠቆር ያሉ። ፊታቸው ግን አንድ ቀለም ነው። ከአንገት በታች አራት፣ ከአንገት በላይ አንድ ሴት። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ውጭ ወጣሁ። ሉባባ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«የማን ብልቃጥ ነው?»

ዓይናቸው ወደ ቀይዋ፣ ወደ ሰዓዳ ዞረ። ሰዓዳ ያቺ መደብሽን አዙሪ የተባለችው ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ በኋላ ጃንጥላም አሠርታ ነበር።

«ለራስሽ ብቻ አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል።»

«ታዲያስ?»

«ኧረ በአላህ ሉባባ! ጎረቤት በር አንኳኩታ ‘ትንሽ ስጪኝ፣ ሰርግ አለብኝ’ ስትለኝ፣ ‘ያንቺ ፊት ከኔ ፊት ይለያል’ ልበላት? ይሄ ስድብ አይደለም ወይ? ነገ ውሃ ስጪኝ ብላት ትሰጠኛለች?»

የተማረ ሰው ቢሆን ኖሮ ሕዝቡን ኋላ ቀር ብሎ ይሰድብ ነበር፤ እኔ ራሴ ጽሑፍ ይወጣኝ ነበር። ሉባባ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ለያንዳንዷ ሴት ሁለት ሁለት ብልቃጥ መስጠት ጀመረች። በአንዱ የራሷ ቀለም፣ በሌላው ተራ ቫዝሊን።

«ይሄ ያንቺ ነው» ትላለች። «ይሄ ደግሞ የጎረቤት ሐቅ። ለመጣ ሁሉ ስጪ፤ ማንንም አይጎዳም።»

ከዚያ ወዲህ ሐይቅ ውስጥ ማንም ጎረቤቱን አላስቀየመም፤ የተሰነጠቀ ተረከዝም ጠፋ።

የእህቴ ልጅ ሀያት ከዐረብ አገር የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ስትመጣ ፊቷን በኒቃብ ሸፍና ነበር። ጎረቤቱ «ማሻአላህ፣ ሀያት ዲኗ በረታ» አለ። ቤት ገብታ ስትገልጠው ግን እናቷ አፏን ያዘች። ሀያት እዚያ ማድያት ወጥቶባት፣ አብረዋት የሚሠሩት «በሳምንት ያጠፋዋል» ያሉትን ስም የሌለው ክሬም ስትቀባ ከርማለች። መጀመሪያ አጠፋው። እሷም እንደ ብርሃን ሆና ፎቶ እየተነሳች ለእጮኛዋ ለኑሩ ላከችለት። ቆይቶ ግን ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፣ ደም ሥሩ ወጣ፣ ፀሐይ ሲነካት ይለበልባት ጀመር፤ ካቆመችው ይብስባታል፣ ከቀጠለችው ይበላታል። ኑሩ ደግሞ በሌላ አገር ሾፌር ነው፤ ለኒካሁ ሊመጣ ቀን ተቆርጧል።

እኔ እንደ አጎት መከርኩ። ፊትሽን እንዳለ ውደጂው፣ ተፈጥሮ ነው፣ ውበት በገበያ የተፈጠረ እስር ቤት ነው አልኳት። በዚህ ላይ የጻፍኩትንም አነበብኩላት። ልጅቱ በትዕግሥት አዳመጠችኝና ኒቃቧን መልሳ አወረደች። በማግስቱ ሀያት ወደ ሉባባ ሄደች፤ ሉባባም መንገድ ላይ አገኘችኝ።

«አንቱ ጸሐፊው፣ ልጅቱን ምን አሏት?»

«ተፈጥሮሽን ውደጂ አልኳት።»

«ጥርስዎን ሲያምዎትስ እንዳለ ይወዱታል?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ሌላ የሆነው ያንቱ ስለሆነ ነው። ሰው እኮ ፊቱን የሚወደው ሲያስበው አይደለም፤ ሲረሳው ነው። እኔ የምደክመው እንድትረሳው ነው።»

ቀጠሮ እንዳለኝ ነገርኳት።

ለሀያት የሰጠቻት ነገር የለም። በመጀመሪያ ደሴ ወስዳ ለሐኪሙ አሳየቻት፤ ክሬሙን እንዴት እንደምታቆም እሱ ነገራት። ከዚያ በኋላ ሉባባ የፈቀደችው ውሃ፣ ቫዝሊንና ጥላ ብቻ ነው። ፊቷም ባሰበት። ቀላ፣ አበጠ፣ ጉንጯ ላይ ያለው ጥቁረት ከነበረበት ጨምሮ ተመለሰ። እህቴ ልቧ ቆረጠና ሉባባ ቤት ሄደች፤ እኔም ጸብ እንዳይነሳ ተከተልኳት፤ ማለቴ ጸቡ እንዳያመልጠኝ።

«ልጄን እየገደልሽብኝ ነው» አለች ከድጃ ገና ከበሩ።

«አብሽሪ ከድጃ፣ ግቢ።»

«አልገባም! ኒካሁ እኮ ደረሰ። ክሬሙ ፊቷን መልሶላት ነበር። እስከ ኒካሁ ብቻ ትቀባና ከዚያ ታቁም።»

«ከኒካሁ በኋላ ሰውየው ዓይኑን ሊጨፍን ነው?»

«ያኔማ አገባት!»

«ታዲያ ያገባው ማንን ነው?» አለች ሉባባ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወላሂ፣ ለሰርጓ ቀን ከሆነ የምትፈልጊያት ውሰጃት። ለዕድሜዋ ከሆነ ተዪልኝ» አለቻት።

እህቴ ከበሩ ተመለሰች። ማታ ሀያትን «ታቆሚያለሽ ወይስ ትቀቢያለሽ?» ብላ ስትጠይቃት ልጅቱ «ሉባባ ራሷ ነግራኛለች፤ በወጣትነቷ ይህንኑ ክሬም ተቀብታ ነው ጉንጯ እንዲህ የቀረው። እሷ ካለፈችው አልፈዋለሁ» አለች።

እውነት ነው፤ ሉባባ ራሷ ማድያት ነበራት። የሰው ፊት ስታጠራ የምትውለው ሴት፣ በቀኝ ጉንጯ የከተማችንን ሐይቅ፣ በግራዋ ትንሹን ሐይቅ አርዲቦን የሚያህሉ ሁለት ጥቁረቶች ተሸክማ ትዞራለች። ነገረኞች «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይሉ ነበር። እሷ ትስቃለች እንጂ መልስ አትሰጥም። ቢያንስ በአደባባይ።

ኑሩ ከመምጣቱ በፊት በስልክ እንያይ ሲል፣ ሀያት ስንት ሰበብ ከደረደረች በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ሉባባ መስኮት ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጣ መለሰችለት። ሉባባ እጇን ይዛታለች፤ እናቷ ግድግዳ ተደግፋለች፤ እኔ በር ላይ ነኝ። ሀያት ኒቃቧን ገለጠች። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ዝም አለ። መረቡ የተቋረጠ መስሎን ነበር። ኑሩ ግን ኮፍያውን ቀስ ብሎ አወለቀ። መላጣው ከግንባሩ እስከ መሐል አናቱ ያበራል።

«እኔም የላክሁልሽ ፎቶ የድሮ ነው» አለ።

ሉባባ ሳቋ ሐይቁ ማዶ የሚሰማ ነበር። «ወንድሜ፣ ለሱ ግን መድኃኒት የለኝም!» ብላ ጮኸችበት።

ሀያት በኒካሁ ቀን ገና ቅላቱ ያልለቀቀ ፊት ይዛ ተዳረች። ሉባባ ጃንጥላዋን የበጠበጠችላት ቆዳዋ ከዳነ በኋላ ነው፤ ቀለሙን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። «ይቺ ልጅ ሁልጊዜ ትለዋወጣለች» እያለች፣ ደስ እያላት።

እኔንም አንድ ቀን ወንበሩ ላይ አስቀምጣኛለች። ሳልጠይቃት «ግንባርዎ ላይ እኮ አለ» አለችኝ።

«እሱ ማድያት አይደለም፤ ሐሳብ ነው።»

«ሐሳብ ከሆነ ኮፍያ ያድርጉበት። በፀሐይ እየዞሩ ነው የሚያስቡት።»

የልብ ልብ ተሰምቶኝ እኔም ጠየቅኋት። «ያንቺስ ለምን አይጠፋም? የሰው ስታጠፊ?»

ሳህኗን እያጠበች ትንሽ አሰበች። «እኔ ጥርት ያለ ፊት ይዤ እዚህ ብቆም» አለች፣ «የትኛዋ ሴት ናት ሻሿን የምታወርድልኝ?»

መልሱ እጅግ ደስ አሰኘኝ። እንዲህ ያለ ሐሳብ በመጽሐፍ ሳነብ ከሥሩ የማሰምርበት ነው። ደሴ ላሉ ወዳጆቼ ስንት ጊዜ አወራሁት፤ ሆን ብላ ቁስሏን ይዛ የቆመች ሴት፣ ምናምን። ልጽፈውም አስቤ ነበር።

ይኸው ሞተች። አጭር ሕመም ነው፤ ጓደኞቿ እንኳ ሳይሰሙ። በነጋታው ለለቅሶ ስንሄድ ሀያት ከኋላዬ ትራመዳለች። አርግዛለች፤ በእርግዝናውም ማድያቱ ጉንጯ ላይ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። በዚያ ሳምንት ሉባባ ዘንድ ልትሄድ ነበር። መንገዱን በሙሉ ያለችው ነገር «እንግዲህ ማን ያየኛል?» ብቻ ነው። እናቷ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብላ ሱቁ ውስጥ ስላለው ክሬም ስታንሾካሹክላት ሰማሁ። በእርግዝናዋ! ሀያት እንደ ዱሮው እምቢ አላለችም። ይህ አስፈራኝ።

ሴቶቹ በሉባባ ክፍል፣ እኛ ወንዶቹ በውጭ በዚያ መስኮት ሥር ተቀመጥን። ለለቅሶ ተቀብቶ የሚመጣ የለምና የሁሉም ፊት ባዶ ነበር። የሉባባ ደንበኛ ማን እንደሆነ ያን ቀን ነው ከተማው ያወቀው፤ በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ ክፍሉ በሙሉ ማድያት ነው። በየቀኑ ሰላም የምላቸው ሴቶች ናቸው። አንዳቸውም እንዳለባቸው አላውቅም ነበር።

ወሬውን የጀመረችው ወይዘሮ የሺ ናት፤ ከአምባሰል ገጠር መስቀሏን አንጠልጥላ የመጣች ገበሬ።

«አይ ሉባባ!» አለች። «ያ የሞተባት ልጇ ዛሬ ተቀበላት።»

«የምን ልጅ?» አለች ሰዓዳ።

«የጉንጯ ነዋ! ማድያቱ ከእርግዝናዋ ጋር መጣ፤ ልጁ አልቆየላትም፤ ይሄ ቆየላት። ነግራኛለች። እኔም ሕፃን በሞተብኝ ዓመት ነው የወጣብኝ።»

«ኧረ እቴ! የሷ እኮ የገበያ ፀሐይ ነው። በልጅነቷ እንደኔ ሽንኩርት ስትሸጥ የመታት!»

«እንዴ፣ ክሬም አይደለም ወይ?» አለች ሀያት፣ ድምጿ ቀጥኖ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። የምድጃ ነው ያለች አለች፤ የመርፌ ነው ያለች አለች። እኔም አላስቻለኝም፤ በመስኮቱ አንገቴን አስግጌ «ለኔ እንኳ ሴቶቹ እንዳያፍሩኝ ብዬ ተውኩት ነው ያለችኝ» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

የሉባባ ታላቅ እህት ዘምዘም ጥግ ላይ ነበረች።

«ሉባባ አልወለደችም» አለች። «ሽንኩርትም አልሸጠችም። ያን ክሬምስ አጠገቧ አታስደርስም ነበር።»

«ታዲያ ከምን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። እናታችንም ነበራት፣ አክስታችንም። ያልሞከረችው ነገር የለም፤ እምቢ አላት። የአንዳንዱ እምቢ ይላል።»

ሆን ተብሎ የተሸከሙት ቁስል፣ ፍልስፍናዬ በሙሉ፣ እዚያው መስኮት ሥር ፈረሰ። እምቢ አላት፤ በቃ። የኔንም ምክንያት ልክ እንደ ሰዓዳ ብልቃጥ በመንገጭላዬ ለክታ ነበር የበጠበጠችልኝ። ሐሳብ የሚወድ ሰው ነው፣ ሐሳብ ይቀባ።

የሺ ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔ እኮ ለልጇ አልቅሻለሁ!» አለች በቁጣ። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «እሷም ስለኔ አለቀሰች» አለች ቆይታ። «እንባዋ ውሸት አልነበረም። አየሁት እኮ።»

ሀያት ግን አልተጽናናችም። «እኔ እሷ ካለፈችው ብዬ ነው የቻልኩት» አለች ወደ እናቷ ዞራ። «ያለፈችው ነገር አልነበረማ።» እህቴ ዓይኔን ሸሸች። ያን ጊዜ አንድ ሰው በመካከላቸው ገብቶ አንድ ነገር እንዲናገር ተመኘሁ፤ እኔ ደግሞ የምናገረው ሁሉ ከመጽሐፍ ነው።

ያኔ ነው አንዲት ወጣት በግቢው በር ብቅ ያለችው። ሻሿን እስከ ዓይኗ ጠምጥማለች። ሰዉን ስታይ ቆመች።

«ሉባባን ፈልጌ ነበር… ሰርግ ነው እንዴ?»

መሞቷን ዘምዘም ነገረቻት። ልጅቱ «አላህ ይማራት» አለችና ወዴት እንደምትሄድ ሳታውቅ ዞረች።

«ነይ ግቢ» አለች ሀያት።

«አይ፣ ልሂድ። ሞታለች አይደል…»

«የምሰጥሽ የለኝም። ግን አይሻለሁ። ተቀመጪ።»

ሴቶቹ መንገድ ለቀቁ። ልጅቱ ወንበሩ ላይ ፊቷን ወደ ሐይቁ፣ ማለትም ወደኔ፣ አድርጋ ተቀመጠች፤ ሻሿን ግን እንደ ያዘች ነው።

«ከሐይቁ ዳር ነው የመጣሁት» አለች። «ዓሣ ጠባሽ ነኝ። ሽታዬን ይቅር በይኝ። ቀኑን ሙሉ ዘይቱ ላይ ጎንበስ ብዬ… ሌላ ሥራ ያላት ሴት እንዲህ አትሆንም።» ቀና ብላ የሀያትን ጉንጭ አየችው። «አንቺም አለብሽ። ያንቺስ ከምን ነው?»

የሺ፣ ሰዓዳ፣ ዘምዘም፣ እህቴ፣ ሁሉም ሀያትን ያያሉ። ሀያት ካረገዘች ወዲህ የዓሣ ሽታ ስለሚያስመልሳት በዚያ መንገድ እንኳ ማለፍ ትታለች። በሕይወቷ አንድ ዓሣ ጠብሳ አታውቅም። አንድ እጇ የመስኮቱን ደፍ አጥብቆ ይዟል፤ አፍንጫዋን ወደ ሐይቁ ነፋስ አዙራ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከዚያ ፈቀቅ አለችና እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጠፈች።

«ከዘይት እሳት ነው» አለች። «እኔም ዓሣ ስጠብስ ነው የወጣብኝ።»

ልጅቱ ሻሿን አወረደች።